«ሰበቃ»፣ «ፍሪሲዮን» እና የመኪና መሪ

በመኪና ሙያ ከምንገለገልባቸው ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የተወረሱ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ ለአብነት ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ መካከል ተርጓሚን በብርቱ የሚያሳስተው «ፍሪሲዮን» ነው። ቃሉ በምንጩ ቋንቋ ሁለት ፍች አለው፤ አንዱ የሁለት አካላት መፋተግ ሲሆን ሌላው ሞተርን ከካምቢዮ ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል ነው። አማርኛ የወሰደው ሁለተኛውን ብቻ ነው። እኔም ስለ ቀደምት መኪናዎች አፈታተሽ የተጻፈ ጽሑፍ ስተረጉም ይህን ዘንግቼ «የመሪ ፍሪሲዮን» ብዬ ጻፍሁ። ረቂቁን ያነበበ መካኒክ «መሪ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፍሪሲዮን ያለው?» ሲል መለሰልኝ።

ተገቢው ቃል በፊዚክስ ትምህርት የተለመደው «ሰበቃ» ነው። እንጨት ከእንጨት አፋትጎ እሳት ማውጣትን ከሚያመለክተው «ሰበቀ» የወጣ በመሆኑ ፍችው ግልጽ ነው፤ ጦር ሰባቂውም ሆነ ነገር አሳባቂው አያደናግረንም።

ሆኖም ሰበቃ ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም። የቤንትሌይ ሲድሌይ መኪና በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ በደረሰችበት ዘመን፣ በብዙ መኪናዎች ላይ መሪው ጎማዎቹን የሚያዞረው በጠመዝማዛ ጥርስ አማካይነት ነበር። የጥርሱ ሰበቃ የመንገዱን ግጭት ከነጂው እጅ ይከላከላል፤ ሲበዛ ግን የታጠፈው መሪ በራሱ አይመለስም። ፍተሻው ቀላል ነው፤ የፊት ጎማዎችን በክሪክ አንሥቶ፣ በመሪው ጠርዝ ላይ ባለ ሞላ ሚዛን አስሮ መሳብ። መሪው መንቀሳቀስ ሲጀምር የሚነበበው የመሪው አካላት ሰበቃ ነው፤ ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ የሚጨመረው ከመሬቱ የሚመጣ ነው።

ከቱርሚ ተነሥቶ በኦሞ ዳር ወዳለችው የካራዎች መንደር ወደ ዱስ የሚጓዝ ሹፌር አሸዋ ሲገባ «መሪው ከበደኝ» ይላል። መሪው ቅባት ያጣበትም እንዲሁ «ከበደኝ» ይላል። የመጀመሪያው መኪና አንዳች አልጎደለውም፤ ሁለተኛው መፈታት አለበት። ስለዚህ «ክብደት» ለነጂው ስሜት፣ «ሰበቃ» ለሚለካው ነገር ቢለዩ እመርጣለሁ።

መኪናው ለመሪ የሚሰጠውን ምላሽ መሰየም ይበልጥ ያስቸግራል። «የመኪና አያያዝ» ባለቤቱ የሚያደርገው እንክብካቤ ነው፤ «አነዳድ» የሹፌሩ ነው። «ለመሪ ታዛዥነት» ቢረዝምም በቅሎ ለልጓም የምትታዘዝበት አገር ሰው ያለ ሐተታ ይገባዋል። በግስ «ይታዘዛል፣ አይታዘዝም» ብሎ መጻፍ ከተቻለ ደግሞ ስሙም አያስፈልግም።