የርጭት ጠብታ ከቅጠል ላይ ለምን ይነጥራል?

በደባርቅና በዳባት በሚመረተው ነጭ ሽንኩርት ላይ ዋግ ሲነሣ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ይረጫል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ቅጠሉ ላይ ካልቀረ የገበሬው ገንዘብ መሬት ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ምክንያቱንና መፍትሔውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

የነጭ ሽንኩርት፣ የገብስ፣ የአተርና የጥቅል ጎመን ቅጠል በዓይን በማይታዩ የሰም ቅንጣቶች የተሸፈነ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለሚኖር ውኃ ቅጠሉን በሙሉ አይነካውም። ትልቅ ጠብታ ሲያርፍ ይዘረጋል፤ ወዲያው ተሰብስቦ እንደ ኳስ ይነጥራል። ደቃቅ ጠብታ ግን ለመንጠር የሚበቃ ጉልበት ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ ባረፈበት ይቀራል።

ይህን ለማወቅ በቅጠሉ ላይ ንጹሕ ውኃ ጠብ አድርጎ ቅጠሉን ማዘንበል ይበቃል። ውኃው ድቡልቡል ሆኖ ከተንከባለለ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

1ኛ/ ደቃቅ ጠብታ የሚያወጣ ኖዝል መጠቀም፤ ቀዳዳው በልቶ የሰፋውን መለወጥ።

2ኛ/ ደቃቅ ጠብታ በነፋስ ስለሚወሰድ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነፋስ ሳይነሣ መርጨት።

3ኛ/ የመድኃኒቱ መግለጫ ከፈቀደ ማጣበቂያ በታዘዘው መጠን መጨመር። ማጣበቂያው የውኃውን የመሰብሰብ ኃይል ስለሚቀንስ ጠብታው ተዘርግቶ ይቀራል። በግምት የሚጨመር ሳሙና ግን ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል።

4ኛ/ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ከታዘዘው መጠን አለማብዛት።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጨማሪ መድኃኒት ከመግዛት በፊት የአባላቱን መርጫዎች እንዲመረምሩ እንመክራለን።