ብቻችሁን ወይስ በቡድን? ቦታውን ጠይቁት

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች የሚበዛው «ብቻዬን ልሂድ ወይስ ግሩፕ ልቀላቀል?» የሚለው ነው። የተለመደው መልስ «እንደ ጠባይህ ነው» የሚል ነው፤ ዝምታ የሚወድ ብቻውን ይሂድ፣ ጨዋታ የሚወድ ከሰው ጋር። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐረር ላይ ብቻውን በደስታ የከረመ ሰው ባሌ ላይ ብቻውን ሲሆን ይቸገራል፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቦታው ነው። እዚያ ሂሳቡ የሚታሰበው በሰው ነው ወይስ በመኪና፣ በጀልባ፣ በአስጎብኚ? ሰዉስ አንድ እንግዳ ሲመጣበት ነው በሩን የሚከፍተው ወይስ ሃያ ሲመጣበት?

ባሌን እንውሰድ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋል። ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በአውቶቡስ ብቻዬን አልፌበታለሁ፤ በዋጋ ከዚህ የሚረክስ ጉዞ የለም። ግን አውቶቡሱ ለቀይ ቀበሮ አይቆምም። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፤ እኛ ግን በጭጋግ በደበዘዘ መስታወት አንድ ቀላ ያለ ነገር አይተን «ያው! ያው!» ስንል አለፍን። በሌላ ጊዜ ከሦስት ሰዎች ጋር ላንድክሩዘር ተከራይተን ስንመለስ ሹፌራችን ሞተሩን አጠፋልን። ቀበሮው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይራመዳል፣ አንዱ የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ሲደርስ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ጆሮውን ወደፊት ይቀስራል። ከዚያ መጠበቅ ነው። በዚያ ብርድ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ዘሎ ሲገባበት ፊቱ በሙሉ ጭቃ ሆኖ ወጣ። ይህንን ለማየት መኪናው የራሳችሁ መሆን አለበት፤ መኪናውን ብቻችሁን ለመክፈል ደግሞ የብዙዎቻችን ኪስ አይፈቅድም። ለአራት ሲካፈል ግን ይቻላል። ዲንሾ ላይ በባሌ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚያዘው አስጎብኚም ለአንድ ሰውም ለአራት ሰውም ሂሳቡ ብዙ አይራራቅም። ድንኳን ይዞ ለሚያድር ሰው ፈረሱ፣ ማብሰያው ሁሉ እንደዚሁ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ከፍታው ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በማግስቱ 4,000 ሜትር ላይ የወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል። ሲብስ መፍትሔው ወደታች መውረድ ነው። ችግሩ በሽተኛው ራሱ «ምንም አልሆንኩም» ማለቱ ነው፤ አነጋገሩ እየተንቀራፈፈ፣ እርምጃው እየተዛባ መሆኑን የሚያየው አጠገቡ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ተራራ ላይ ለማደር ከሆነ፣ ባሌም ይሁን ስሜን፣ ብቻችሁን አትውጡ። አስጎብኚ ቢኖርም ፊታችሁን የሚያውቅ አንድ ጓደኛ ይኑራችሁ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሐረር ግን ሌላ ዓለም ናት። ጁገል፣ ማለትም አሮጌዋ ሐረር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት ግንብ የታጠረች፣ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር የማትሞላ፣ ውስጧ ግን ከ300 በላይ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ያሉባት ከተማ ናት። አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሃያ ሰው የያዘ ቡድን እዚያ ሲገባ ሰልፍ ይሆናል፤ አስጎብኚው ፊት ሆኖ የሚናገረውን የሚሰሙት አራቱ ናቸው፣ ኋላ ያሉት የፊተኛውን ጀርባ አይተው ይወጣሉ። ብቻችሁን ስትሆኑ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ትወርዳላችሁ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ሲንጀራቸውን በእግር እየመቱ፣ ጨርቁ ከላይ ተሰቅሎ፣ አላፊ አግዳሚው በመሃል እየተጋፋ። አንዱን ሰፊ የተቀደደ ኪስ አሰፍታችሁ አጠገቡ ቁጭ ብትሉ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ትሰማላችሁ። ወንበሩ ግን አንድ ነው፤ ለሃያ ሰው አይበቃም።

የሐረሪ ቤትም እንደዚያው ነው። ወለሉ በቀይ የተቀባ፣ መቀመጫው ከፍና ዝቅ እያለ በደረጃ የተሠራ፣ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ያሸበረቀ ነው። ለጎብኚ ክፍት የሆኑ ቤቶች አሉ፣ ቡድን ወደዚያ ይወሰዳል፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ከሰዓት በር ላይ ሰላም ያልኳቸው እናት «ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ? ግቢ፣ ፀሐዩ በረድ እስኪል» ብለውኝ ገብቼ ቡና ጠጥቼ፣ የሠርጋቸውን ፎቶ አይቼ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም አጥንቼ ወጣሁ። አሥራ አምስት ሆነን ብንቆም ኖሮ እኚያ እናት ያን በር ሊከፍቱልን አይችሉም ነበር፤ ስኒውስ ከየት ይመጣል?

ሐረር ላይ ሰው የምፈልገው ማታ ብቻ ነው። የጅብ ምገባው ከግንቡ ውጭ፣ ከመሸ በኋላ ነው፤ ባጃጁን ለደርሶ መልስ መያዝ አለባችሁ። ያረፋችሁበት ቤት ሌላ እንግዳ ካለ ጠይቁና አብራችሁ ሂዱ።

እዚያው አካባቢ፣ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ ቁልቢ ገብርኤል አለ። እዚህ ደግሞ የሐረሩ ምክሬ በሙሉ አይሠራም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሚሄደው ሕዝብ ስለቱን ይዞ ነው የሚሄደው፤ በእግሩ የሚጓዝ አለ፣ ልጅ አዝሎ የሚወጣ አለ። የጉዞ ማኅበር አውቶቡስ ውስጥ መዝሙሩ ከአዲስ አበባ መውጫ ይጀምራል። እናቶች የዳቦ ቆሎውን ከረጢት ፈትተው ከፊት ወደ ኋላ ያስተላልፋሉ፤ በማታውቋቸው ሰዎች መሃል ተቀምጣችሁ የማታውቁት ሰው ስለት ሲደርስ አብራችሁ እልል ትላላችሁ። ይህን ጉዞ ብቻውን በግል መኪና የሄደ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ያያል፣ ይሳለማልም፤ መንገዱ ግን ቀርቶበታል። በዚያ ላይ በበዓሉ ሰሞን ብቻውን ሄዶ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው አሳሩን ነው የሚያየው። ማኅበሩ ግን ድንኳኑንም ምንጣፉንም ይዞ ነው የሚመጣው። ለላሊበላ ገናም ለግሸን ማርያምም የምለው ይህንኑ ነው።

አሁን ስለ ሴቶች ጉዞ ላንሳ፤ ይህ ለብቻው መነሳት አለበት። ወንድ ብቻውን ሲጓዝ «ጀግና» ይባላል፤ ሴት ብቻዋን ስትጓዝ «ከማን ጋር ነሽ?» ትባላለች። አንድ ከተማ ውስጥ የፔንሲዮን እንግዳ ተቀባይ መታወቂያዬን ይዞ «ሰው ይመጣል?» ብሎ ሦስቴ ጠየቀኝ፤ ክፍል እንዳለ ነግሮኝ ሳለ ብቻዬን ነኝ ስለው ሞልቷል አለኝ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር። ይህ በቡድን በሚሄድ ሰው ላይ አይደርስም፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ቡድን የምትመርጥ ሴት ካለች ሙሉ በሙሉ ልክ ናት። ግን ሌላም ወገን አለው። ብቻዋን የሆነችን ሴት እናቶች ያስጠጓታል። አውቶቡስ ላይ «ነይ እኔ ጋ ተቀመጪ» ይሏታል፣ ምሳ ቤት «ለምን ብቻሽን ትበያለሽ፣ ነይ እንብላ» ብለው ትሪያቸውን ያዞሩላታል፣ ማጀት ድረስ ያስገቧታል። ብቻውን የሚጓዝ ወንድ ማጀት አይገባም። ለእህቶቼ የምመክረው ጥቂት ነገር ነው፦ ሳይመሽ ድረሱ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ማደሪያ በስልክ ጨርሳችሁ ውጡ፤ አውቶቡስ ላይ ከሴት አጠገብ ወይም ከሹፌሩ ቅርብ ተቀመጡ፤ የት እንዳደራችሁ በየማታው የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ይሻላችኋል፤ እንግዳ የለመዱ ከተሞች ናቸው።

ፀጥታን በተመለከተ፣ በዚህ ዘመን ማንም ሳይጠይቅ መውጣት የለበትም። የዛሬውን መንገድ ከማንም በላይ የሚያውቁት መናኸሪያ ያሉት ሹፌሮች ናቸው፤ ትናንት ማታ የገባውን ጠይቁ። ሰው ልብ የማይለው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ብቻውን የሚጓዝ ሰው መንገዱ ካላማረው ያው በዚያው ሰዓት ይመለሳል። ሃምሳ ሰው ያስከፈለ አዘጋጅ ግን አውቶቡሱን ተከራይቷል፣ ምግቡን አዝዟል፣ ገንዘቡ ወጥቷል። «ችግር የለም፣ እንሄዳለን» ማለት ይቀናዋል። ስለዚህ በቡድን ስትሄዱ ብዛታችሁ ራሱ ዋስትና አይምሰላችሁ።

አዘጋጆችን ካነሳሁ አይቀር፣ በቴሌግራም የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ስታዩ ከፎቶው በፊት የምትጠይቁት አለ። ዋጋው መግቢያውንና የአካባቢውን አስጎብኚ ይጨምራል? መኪናው ስንት ሰው ይይዛል፣ ስንት ሰውስ ይመዘገባል? ጉዞው ከተሰረዘ ገንዘቡ በስንት ቀን ይመለሳል? የንግድ ፈቃድ አለ ወይስ ገንዘቡ የሚገባው በግለሰብ ስም ነው? በግልጽ የሚመልስ አዘጋጅ ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። ለአዲስ አበባ ልጅ የእሑድ ሃይኪንግ ግሩፕ ትልቅ በረከት ነው፤ የረርን ወይም መናገሻ ሱባን ከብዙ ሰው ጋር ረግጦ መመለስ እግርንም ይፈትናል፣ ጓደኛም ያስገኛል። ከዚያ ግሩፕ ውስጥ አካሄዳቸው ከእናንተ ጋር የሚገጥም ሦስት ሰዎች ካገኛችሁ ለባሌው ላንድክሩዘር ሰው አገኛችሁ ማለት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተብሎ 2 ሰዓት የሚነሳ ቡድን ከሆነ ግን ትታችሁ ውጡ። ሁለት ሰዓት የጠዋት ብርሃን ተራራ ላይ በገንዘብ አይገዛም።

ሁለቱንም የሚያስማማ ቦታ ካላችሁኝ አርባ ምንጭን እጠቁማለሁ። ጫሞ ሐይቅ ላይ የአዞ ገበያ የሚባለውን ለማየት ጀልባ ያስፈልጋል፣ የሚከራየውም ጀልባው ነው። አንድ ሰው ሙሉ ጀልባ ተከራይቶ ጉማሬና አዞ ማየት ይችላል፣ ግን ከባድ ነው። እኔ የማደርገው ማታውኑ ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ «ነገ ጠዋት ጫሞ የሚሄድ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ቤተሰቦች ቦታ ካላቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚያካፍሉት። ከሐይቁ ስትመለሱ ተሰናብታችሁ ዶርዜ ብቻችሁን ውጡ። ወደ ጨንቻ የሚወጣው ሚኒባስ ያደርሳችኋል። እዚያ የቀርከሃ ቤቱ አለ፣ ፊቱ ዝሆን የሚመስለው፤ ጓሮው እንሰት፣ ደጁ ሸማኔ። ቆጮው ሲፋቅ፣ ሲጋገር፣ ከማርና ከዳጣ ጋር ሲቀርብ አጠገብ ተቀምጦ ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ቡድን በአንድ ሰዓት ጨርሶት ይሄዳል። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው። በገበያ ቀን ብትወጡ መኪና አታጡም፤ መመለሻውን ግን ገና ስትደርሱ ጠይቁ፣ ጃኬትም ያዙ፣ ከታች አርባ ምንጭ ሙቀት ቢሆንም እላይ ይበርዳል።