ቴርሞሜትርና መንጠቆ፦ የትራውት አጥማጅ የተራራ ጉዞ በምን ይታቀዳል?

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ ማለት ላባ፣ ፀጉርና ክር በትንሽ መንጠቆ ላይ ጠቅልሎ የውሃ ነፍሳትን እንዲመስሉ በማድረግ፣ በተለይ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ መያዝ ነው። ጥበቡ ጥንታዊ ሲሆን፣ ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን ከ1800 ዓመታት ገደማ በፊት የመቄዶንያ ሰዎች ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ በመንጠቆ ላይ እያሰሩ ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ጽፏል። በአሁኑ ዘመን ለዚህ ጥበብ ስማቸው ከሚነሣ ቦታዎች መካከል የአሜሪካ ሮኪ ተራሮች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1872 የተመሠረተው የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክና በዙሪያው ያሉት የዋዮሚንግ፣ የሞንታናና የአይዳሆ ወንዞች ይገኙበታል። ወደዚያ የሚጓዝ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዕረፍት ቀኑ፣ ከማረፊያውና ከመሣሪያው ቢሆንም፣ የጉዞውን ውጤትም ሆነ የሚያዘውን ዓሣ ዕጣ የሚወስነው ከሁሉ በፊት የውሃው ሙቀት ነው። ስለዚህ በጎ ዕቅድ ማለት መቼ፣ የትኛው ወንዝና በየትኛው ከፍታ ላይ ለትራውት ተስማሚ ቅዝቃዜ እንደሚኖረው አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ፍላጎት ሲጨምር አቅርቦት ሲቀንስ

ትራውት እንደ አብዛኞቹ ዓሦች የራሱን የሰውነት ሙቀት የማያመነጭ፣ ሙቀቱ ከሚኖርበት ውሃ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ፍጡር ነው። ውሃው ሲሞቅ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሥራ ስለሚፋጠን ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ውሃ በሞቀ ቁጥር በውስጡ ሊያሟሟው የሚችለው ኦክስጅን እያነሰ ይሄዳል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እስከ 14.6 ሚሊግራም ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ ይኸው ውሃ 10 ዲግሪ ሲደርስ 11.3፣ 20 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ 9.1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይይዛል። በተራራ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ እነዚህ አኃዞች በሩብ ያህል ዝቅ ይላሉ። ዓሣው እንግዲህ ፍላጎቱ ሲጨምር አቅርቦቱ በሚቀንስበት ጠባብ ወሰን ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

ይህ ወሰን ለአጥማጁ ሦስት ቁልፍ ቁጥሮችን ይሰጠዋል። ትራውት በደንብ የሚመገበውና ጉልበት የሚኖረው ውሃው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሆንበት ጊዜ ነው፤ 20 ዲግሪ ሲደርስ በመንጠቆ ተይዞ የሚታገል ዓሣ ቢለቀቅም የማገገም ዕድሉ ስለሚቀንስ ማጥመድን ማቆም ይመከራል፤ ወደ 25 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ ደግሞ ያለ አጥማጅም ቢሆን ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። በአሜሪካ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎች በፋረንሃይት ስለሚጻፉ፣ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ 68 ፋረንሃይት መሆኑን ማስታወስ ለተጓዡ ይጠቅመዋል። በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ የውሃ ቴርሞሜትር ከዘንጉና ከመንጠቆው ጋር በአንድ ኪስ ሊቀመጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

የበረዶው ጎርፍ

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉት ወራት በኢትዮጵያ ደጋ የዝናብና የደፈረሰ ወንዝ ወቅት ሲሆኑ፣ በሮኪ ተራሮች ግን የሞቃቱ ወቅት ወራት ናቸው። ይሁን እንጂ በዚያም ወንዞች ሞልተው የሚደፈርሱበት ጊዜ አላቸው፤ ጎርፉን የሚያመጣው በአብዛኛው ዝናቡ ሳይሆን ከኅዳር ጀምሮ በተራራው ጫፍ ላይ ሲከመር የቆየው በረዶ ነው። በረዶው በግንቦትና በሰኔ ሲቀልጥ ወንዞቹ ጭቃ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ በዚህ ጊዜ ዓሣው ማባበያውን ለማየት ይቸገራል፣ ወደ ውሃው የሚገባ ሰውም በጅረቱ ሊወሰድ ይችላል። ሙላቱ አልፎ ውሃው የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ቢሆንም፣ ትክክለኛው ቀን ከዓመት ወደ ዓመት በሳምንታት ሊለያይ ይችላል።

ልዩነቱን አስቀድሞ ለመገመት ተጓዡ ሁለት ዓይነት ለሁሉም ክፍት የሆኑ መለኪያዎች አሉት። የመጀመሪያው በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ሥር በተራሮቹ ላይ የተተከሉት የበረዶ መለኪያ ጣቢያዎች የሚሰጡት መረጃ ነው፤ እነዚህ ጣቢያዎች የሚመዘግቡት የበረዶውን ውፍረት ብቻ ሳይሆን፣ ቢቀልጥ ስንት ውሃ እንደሚወጣው ጭምር ነው። ሁለተኛው የአገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም የወንዝ መለኪያ መረብ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1889 በኒው ሜክሲኮ ግዛት ኤምቡዶ በተባለ ቦታ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ላይ የተቋቋመ ነው። መረቡ በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚያልፈውን የውሃ መጠን በኪዩቢክ ጫማ ያሳያል፤ አንድ ኪዩቢክ ጫማ 28 ሊትር ያህል ነው። በሚያዝያ በረዶው ከወትሮው በላይ ከሆነ ጉዞውን ወደ ሐምሌ አጋማሽ መግፋት ይበጃል፤ ከወትሮው በታች ከሆነ ደግሞ ወንዞቹ ቶሎ ስለሚጠሩ፣ ነገር ግን ቶሎ ስለሚቀንሱና ስለሚሞቁ፣ ቀኑን ማስቀደም ያስፈልጋል።

የወንዞቹ ተራ

በአንድ አካባቢ ያሉ ወንዞች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይመቹም። በየሎውስቶን ውስጥ ያለው ፋየርሆል ወንዝ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ አስረጅ ነው፤ ከፍልውሃዎችና ፍል ውሃ ሽቅብ ከሚተፉ ምንጮች የሚወርደው ውሃ ስለሚቀላቀለው፣ ሌሎቹ ወንዞች ገና በበረዶ ውሃ ደፍርሰውና ቀዝቅዘው ሳሉ እርሱ በሰኔ መጀመሪያ ለማጥመድ የሚስማማ ይሆናል። ነገር ግን ያው ሙቀት በሐምሌና በነሐሴ ውሃውን ከ25 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው፣ ዓሦቹ ወደሚገብሩለት ቀዝቃዛ ጅረቶች አፍ እየሸሹ ይሰባሰባሉ። ነሐሴ አልፎ መስከረም ሲገባና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ወንዙ እንደገና ይመቻል። በፓርኩ ሰሜን ምሥራቅ የሚፈሰው የላማር ወንዝ ግን በተቃራኒው ዘግይቶ ይጠራል፤ የሚወርድበት አፈር በቀላሉ ስለሚሸረሸርም በሐምሌ መጨረሻ እንኳ አንድ ኃይለኛ ዝናብ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያደፈርሰው ይችላል።

ሙቀቱ በሚበረታበት ጊዜ ያለው መፍትሔ ከፍታ ነው። አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሸለቆ ውስጥ ያለው ወንዝ ሲሞቅ ከ2500 ሜትር በላይ ያሉት ትንንሽ ጅረቶች ገና ለትራውት ይስማማሉ። ከባሕር ወለል ከተማ በቀጥታ ወደዚህ ከፍታ የሚወጣ ሰው ግን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የሚያስከትለው የከፍታ ሕመም ሊይዘው ስለሚችል፣ ዕቅዱ ውስጥ ለመልመጃ የሚሆኑ አንድ ሁለት ቀናት ሊኖሩ ይገባል። በኢትዮጵያም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በፊት ከኬንያ የመጡት ትራውቶች በወይብና በሌሎች የባሌ ተራሮች ወንዞች ሊዳብሩ የቻሉት በዚሁ ሕግ ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር የቆላ ወንዝ የማይሰጣቸውን ቅዝቃዜ የባሌ ከፍታ ሰጥቷቸዋል።

በውሃ ውስጥ የሚቆጠር ዕድሜ

የውሃው ሙቀት የሚገዛው ዓሣውን ብቻ ሳይሆን የሚመገባቸውን ነፍሳትም ነው። ከእነርሱ መካከል ሜይፍላይ የሚባሉት ነፍሳት ሳይንሳዊ ስማቸው፣ ኤፌሜሮፕቴራ፣ የአንድ ቀን ዕድሜን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የወጣ ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በድንጋይ ሥር በእጭነት አሳልፈው ክንፍ ካወጡ በኋላ ምግብ እንኳ ሳይቀምሱ ተራክበው፣ እንቁላል ጥለው በአንድ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ሳልመንፍላይ የሚባለው ሌላ ግዙፍ የነፍሳት ዝርያ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ዓመት በወንዙ ወለል ላይ ኖሮ፣ ውሃው 12 እና 13 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ወደ ዳር እየተሳበ ይወጣል። ወንዙ ከታች ወደ ላይ ስለሚሞቅ የነፍሳቱ መውጣትም በየቀኑ ሽቅብ ይጓዛል፤ ስለዚህ አጥማጁ ትናንት ያያቸውን ነፍሳት ዛሬ ለማግኘት ከወንዙ ጋር ወደ ላይ መሄድ ይኖርበታል። በነሐሴ የውሃው ነፍሳት ሲቀንሱ ከሣር ላይ በነፋስ ተገፍቶ የሚወድቀው ፌንጣ ዋና ምግብ ይሆናል። በመንጠቆው ላይ የሚታሰረው የዝንብ ዓይነት በጉዞው ወር የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህች ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት የላትም ለማለት ይቻላል፤ በተለመደው ማጥመድ ክሩን ይዞ የሚሄደው የማባበያው ክብደት ሲሆን፣ በዚህኛው ግን ዝንቧን ይዞ የሚሄደው የወፍራሙ ክር ክብደት ነው። በሰፊው የሚሠራበት አምስት ቁጥር የተሰኘው ክር በመጀመሪያዎቹ 9 ሜትር ርዝመቱ 9 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ዘንጉ ሲወዛወዝ ጎብጦ የሚያጠራቅመውን ኃይል ወደዚህ ክብደት ያስተላልፈዋል፣ ክሩም በአየር ላይ እንደ ቀለበት እየተፈታ ወደፊት ይዘረጋል። አወራወሩ የቱንም ያህል ቢሠምር ዓሣው አጥማጁን ካየ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ስለሚሰበር፣ ከውሃ በታች ያለ ዓይን የላይኛውን ዓለም የሚያየው 97 ዲግሪ ገደማ ስፋት ባለው ክብ መስኮት ብቻ ነው፤ ከመስኮቱ ውጪ ያለው የውሃ ገጽ የወንዙን ወለል እንደ መስታወት ያንጸባርቅበታል። ጎንበስ ብሎ ከበስተኋላ፣ ማለትም ከጅረቱ ታች ወደ ላይ የሚቀርብ ሰው ከዓሣው ዕይታ የሚሰወረው ትራውት ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ስለሚቆምና የዝቅተኛ ነገሮች ምስል በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቆ ስለሚደበዝዝ ነው።

ማለዳ መጀመር፣ በጊዜ ማቆም

ወንዝ በጣም የሚቀዘቅዘው ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በጣም የሚሞቀው ወደ ማምሻው ነው። በዚህ መሠረት የሞንታና ግዛት ውሃው ለሦስት ተከታታይ ቀናት 23 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ማለት ነው፣ ማጥመድን የሚከለክልበት አሠራር አለው፤ የየሎውስቶን ፓርክም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ወንዞቹን ከዚሁ ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ዘግቶ ነበር። ማለዳ መጀመር ሌላም ጥቅም አለው። በተራሮቹ ላይ በሞቃቱ ወራት ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ከካርቦን ፋይበር የሚሠራው ረጅም ዘንግ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነጎድጓድ የሰማ ሰው ዘንጉን አስቀምጦ ከውሃውና ከገላጣው ሜዳ መራቅ ይገባዋል።

ሞቃት ውሃ የሚያስከትለው አደጋ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ውሃው አንሶና ሞቆ በነበረበት ጊዜ አንድ የኩላሊት ጥገኛ ተውሳክ በየሎውስቶን ወንዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓሦችን ስለገደለ፣ የሞንታና ባለሥልጣናት 183 ማይል፣ ማለትም 295 ኪሎ ሜትር ገደማ የወንዙን ክፍል ለማንኛውም የውሃ ላይ መዝናኛ ዘግተው ነበር። ተውሳክን ከወንዝ ወደ ወንዝ ከሚያዛውሩት ነገሮች አንዱ እርጥብ የአጥማጅ ጫማ በመሆኑ፣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እርጥበት የሚይዝ የፌልት ሶል ያላቸውን ጫማዎች ከልክሏል፤ ስለዚህ በሁለት ወንዞች መካከል ጫማን አጥቦ ማድረቂያ የሚሆን ጊዜም የዕቅዱ አካል ነው።

ተጓዡ የዓሣውን ዝርያ መለየትም ግዴታው ነው። ከመንጋጋው ሥር ቀይ ሰረዝ ያለው ከትሮት ትራውት የአካባቢው ጥንተ ነዋሪ ስለሆነ በየሎውስቶን ሲያዝ መለቀቅ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በየሎውስቶን ሐይቅ መኖሩ የተረጋገጠው ሌክ ትራውት ግን ከትሮቶችን የሚበላ መጤ በመሆኑ ከሐይቁ ከተያዘ በሕግ መገደል ይኖርበታል። የሚለቀቀውን ዓሣ በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የካናዳ ጥናት ግልጽ ትምህርት ይሰጣል፤ እስኪደክሙ እንዲታገሉ ከተደረጉት ቀስተ ደመና ትራውቶች መካከል ከውሃ ሳይወጡ የቆዩት 12 በመቶ ሲሞቱ፣ ለ30 ሰከንድ አየር ላይ የቆዩት 38 በመቶ፣ ለ60 ሰከንድ የቆዩት ደግሞ 72 በመቶ ሞተዋል። በአየር ላይ የዓሣው ስስ የመተንፈሻ ሽፋኖች እርስ በርሳቸው ስለሚጣበቁ ኦክስጅን መውሰድ አይችልም፤ ለፎቶግራፍ የሚባክነው ግማሽ ደቂቃም ለእርሱ ትንፋሹን የሚያጣበት ጊዜ ነው። በመሆኑም ወደ ኋላ የሚያዝ እሾህ የሌለው መንጠቆ መጠቀም፣ እጅን አስቀድሞ ማርጠብና ዓሣውን ውሃ ውስጥ እንዳለ መልቀቅ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው አሠራር ቀላል ነው፦ በሚያዝያ የበረዶውን መጠን መመልከት፣ በሰኔ የወንዙን ፍሰት መከታተል፣ ለሞቃት ቀናት ከፍ ያለ ሁለተኛ ወንዝ መርጦ መያዝ፣ በቦታው ሲደርሱም ከመጀመሪያው ውርወራ በፊትና ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ቴርሞሜትሩን ውሃ ውስጥ መንከር። ንባቡ 20 ዲግሪ ሲደርስ፣ ዓሦቹ ገና እየዘለሉ ቢታዩም፣ ክሩን ጠቅልሎ ወደ ጥላ መመለስ ይገባል፤ በጥላው ሥር የሚውሉት ሰዓታት አስቀድመው በዕቅዱ የተጻፉለት ተጓዥ ይህን ሲያደርግ ቀኑ ጎደለብኝ አይልም።