ለአስም ህሙማን ህጻናት የሚሰጡ የብግነት መቀነሻ መድኃኒቶች ጥቅምና የሚሹት ጥንቃቄ

አስም ያለበት ህጻን ትንፋሽ ሲያጥረው ወዲያው የሚያስታግስለት መድኃኒት ማግኘቱ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ህመሙን በዘላቂነት ለመቆጣጠር የሚያስችለው የአየር ቧንቧን ብግነት የሚቀንሰው መድኃኒት መሆኑን በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች ያረጋግጣሉ። ይሁን እንጂ ወላጆች ይህን መድኃኒት የልጃቸውን እድገት ይገታል በሚል ስጋት ሲሸሹት ወይም ህመሙ ጋብ ሲል ሲያቋርጡት ይስተዋላል።

አስም በሳንባ የአየር ቧንቧዎች ላይ የሚከሰትና ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ህመም ነው። በህመሙ የተያዘ ህጻን የአየር ቧንቧው የውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፤ ያብጣል፤ ከመጠን በላይ አክታም ያመነጫል። ይህ የተቆጣ ቧንቧ ጭስ፣ አቧራ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ጉንፋን ወይም ሩጫ ሲያጋጥመው በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ስለሚኮማተሩ የአየር መተላለፊያው ይጠባል። ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ፣ የደረት መታፈንና የትንፋሽ ማጠር የሚከሰቱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ በ2019 በዓለም 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም የነበረባቸው ሲሆን፣ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ሰዎች በህመሙ ሳቢያ ህይወታቸው አልፏል። አብዛኛው ሞት የደረሰው ህመሙን መርምሮ የማወቅና መድኃኒት የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ በሆነባቸው ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ለአስም የሚሰጡ መድኃኒቶች በዋነኛነት በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ሳልቡታሞል ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። እነዚህ የተኮማተሩትን ጡንቻዎች በደቂቃዎች ውስጥ በማላላት ትንፋሽን ይመልሳሉ፤ ብግነቱን ግን አይቀንሱም። ሁለተኛዎቹ እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ያሉ በአፍ የሚሳቡ ስቴሮይዶች ሲሆኑ፣ የሚሠሩት የህመሙ መነሻ በሆነው ብግነት ላይ ነው። ውጤታቸው የሚታየው በየቀኑ ሲወሰዱ ከቀናት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መድኃኒቱን የወሰደው ህጻን ወዲያውኑ ለውጥ ስለማይሰማው፣ ወላጆች «አይሠራም» ብለው እንዲተዉት ከሚያደርጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉት የህመም ማስታገሻዎችም የብግነት መቀነሻ ተብለው ቢጠሩም የአስም ህክምና አይደሉም። በአንዳንድ ህሙማን ላይም አስምን ሊያስነሱ ይችላሉ።

በአፍ የሚሳቡ ስቴሮይዶች በህጻናት ላይ ያላቸውን ውጤት በስፋት ከመረመሩት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካና በካናዳ በሚገኙ ስምንት ማዕከላት የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2000 ይፋ የሆነው ጥናት ነው። በጥናቱ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 1 ሺህ 41 ህጻናት ተካተው በአማካይ ከአራት ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎላቸዋል። በየዕለቱ ቡዴሶናይድ የወሰዱት ህጻናት መድኃኒትነት የሌለው ማነጻጸሪያ ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በአስም ምክንያት ሆስፒታል የገቡበት መጠን በ43 በመቶ፣ ለአስቸኳይ ህክምና የሄዱበት መጠን ደግሞ በ45 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ይኸው ጥናት ወላጆችን ለሚያሳስበው የቁመት ጉዳይም ምላሽ ሰጥቷል። በክትትሉ ጊዜ ቡዴሶናይድ የወሰዱት ህጻናት በአማካይ 22 ነጥብ 7 ሴንቲ ሜትር ሲያድጉ፣ ማነጻጸሪያውን የወሰዱት 23 ነጥብ 8 ሴንቲ ሜትር አድገዋል። ተሳታፊዎቹ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ በተደረገውና እ.ኤ.አ በ2012 በታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ ልዩነቱ 1 ነጥብ 2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተመዝግቧል። ይህም ልዩነቱ በዋናነት በህክምናው የመጀመሪያ ዓመታት የሚፈጠር እንጂ ከዓመት ወደ ዓመት እየተደመረ የሚሄድ አለመሆኑን ያመለክታል። ስለሆነም ስጋቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም ባይባልም፣ መጠኑ ከሚፈራው እጅግ ያነሰ ነው። ሐኪሞች ህመሙን ሊቆጣጠር የሚችለውን ዝቅተኛ መጠን የሚያዙትና የህጻኑን ቁመት በየጊዜው የሚለኩትም ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ህመሙን ይቆጣጠራል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። እ.ኤ.አ በ2006 ይፋ በሆነ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ለአስም ተጋላጭ የሆኑ የ2 እና የ3 ዓመት ህጻናት ለሁለት ዓመታት ስቴሮይድ ሲስቡ ምልክቶቹ ቢቀንሱላቸውም፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላ በነበረው አንድ ዓመት ጥቅሙ አልቀጠለም። በመሆኑም ልጁ ስለተሻለው ብቻ ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒቱን ማቋረጥ ህመሙ ተመልሶ እንዲያገረሽ መንገድ ይከፍታል።

ይህ መዘዝ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 44 ዓመት በሆኑ የአስም ህሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2000 የታተመ ጥናት፣ አንድ ህመምተኛ በዓመት ውስጥ የሚጠቀመው የሚሳብ ስቴሮይድ በአንድ ዕቃ በጨመረ ቁጥር በአስም የመሞት ዕድሉ በ21 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ዓለም አቀፉ የአስም ተነሳሽነት /ጂና/ እ.ኤ.አ በ2019 ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ህሙማን በፈጣን ማስታገሻ ብቻ እንዳይታከሙ መክሯል። በኋላ ባወጣው መመሪያም ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ህጻናት ማስታገሻው ከስቴሮይድ ጋር እንዲሰጥ አሳስቧል።

የአወሳሰዱ ሥርዓት ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። ህጻናት መድኃኒቱ ሲረጭ እኩል መሳብ ስለሚቸግራቸው «ስፔሰር» የተባለው መያዣ ሊኖራቸው ይገባል፤ ለትንንሾቹ ደግሞ የፊት ጭምብል ይገጠምለታል። መያዣው በማይገኝበት አካባቢም አማራጭ አለ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ1999 የታተመ ጥናት ግማሽ ሊትር ከሚይዝ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ በአግባቡ የተሠራ መያዣ የማስታገሻ መድኃኒትን ለመስጠት ከፋብሪካው ምርት ጋር የሚስተካከል መሆኑን አሳይቷል። ህጻኑ ስቴሮይድ ከሳበ በኋላ አፉን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋቱ ደግሞ በአፍ ውስጥ የሚከሰተውን የፈንገስ ህመም ለመከላከል ይረዳል።

በአፍ የሚሳበው ስቴሮይድ በሚዋጥ መልክ ከሚሰጠው ሊለይ ይገባል። የሚሳበው በአነስተኛ መጠን በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚደርስ ሲሆን፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለው የሚዋጥ መድኃኒት ግን መላ ሰውነትን ያዳርሳል። የሚዋጠው ህመሙ ሲበረታ ለጥቂት ቀናት የሚታዘዝ ነው። በተደጋጋሚ መወሰዱ ወላጆች የሚፈሩትን ጉዳት ይበልጥ ስለሚያስከትል፣ የሚሳበውን በየቀኑ መውሰድ የሚዋጠውን አስፈላጊነት ይቀንሳል። ከላይ በተጠቀሰው የአሜሪካና የካናዳ ጥናትም የሚዋጥ ስቴሮይድ ያስፈለገበት ጊዜ በ43 በመቶ ቀንሷል።

ቡዴሶናይድም ሆነ ሳልቡታሞል በዓለም ጤና ድርጅት የህጻናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። በመሆኑም የመድኃኒት ግዥና በጀት የሚያቅዱ አካላት ሁለቱንም ጎን ለጎን ማየት ይኖርባቸዋል። ማስታገሻውን ብቻ የሚያቀርብ የጤና ተቋም የዕለቱን ጭንቀት ቢያቃልልም፣ ህጻኑ በዚያው ህመም ተመልሶ እንዳይመጣ ማድረግ አይችልም። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም ተማሪው ማስታገሻውን ይዞ እንዲገባና መምህራን አጠቃቀሙን እንዲያውቁ ሊያደርጉ ይገባል። በቤት ውስጥም ህጻኑን ከእንጨትና ከኩበት ጭስ እንዲሁም ከሲጋራ ማራቅ የህክምናው አካል ነው።

ማስታገሻው ተወስዶ ትንፋሽ ካልተመለሰ፣ ህጻኑ መናገር ወይም መጥባት ካቃተው፣ አልያም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳይዘገዩ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።