ከቤት ሆኖ መነገድ፤ የሻጮች ቡድን እንዴት ይመለመላል? እንዴትስ ይመራል?

(በዚህ ምንባብ ውስጥ ልዩ መግለጫ ካልተሰጠ በቀር፣ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንግድ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ሱቅ፣ መደብር ወይም የገበያ ቦታ ነው። ይሁን እንጂ ሱቅ ሳይከፈትና የመደብር ኪራይ ሳይከፈል በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚካሄድ የንግድ ዐይነትም አለ። በዚህ ንግድ ሻጩ ዕቃውን ከአምራቹ ድርጅት ወይም ከወኪሉ ተረክቦ ለዘመዱ፣ ለጎረቤቱና ለሚያውቀው ሰው ሁሉ እፊቱ ሆኖ ይሸጣል። በሱቅ በኩል ስለማያልፍ ቀጥተኛ ሽያጭ ይባላል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንደሚባለው፣ ይህ ንግድ የሚስፋፋው በአንድ ሰው ጉልበት ሳይሆን በብዙዎች ኅብረት ነው። ስለዚህ ሰው መመልመልና የተመለመለውን መምራት የሥራው ዋነኛ ሙያ ነው። ይህ ሙያ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በምን ዘዴ እንደሚሠራና ምን አደጋ እንዳለበት ቀጥለን እንመለከታለን።

በአሜሪካ ዴቪድ ማኮኔል የተባለ መጽሐፍ ሻጭ፣ ገዢዎችን ለመሳብ በስጦታ ያድል የነበረው ሽቶ ከመጻሕፍቱ ይበልጥ እንደ ተወደደ ተመለከተ። በ1886 በኒው ዮርክ ከተማ የሽቶ ንግድ አቋቋመ፤ ይህ ድርጅት በኋላ ኤቨን ተብሎ የታወቀው ነው። የመጀመሪያዋ ወኪሉ በኒው ሃምፕሺር ግዛት ትኖር የነበረችው ወይዘሮ አልቢ ነበረች። እርሷም ራሷ ከመሸጧ በላይ ሌሎች ሴቶችን እየመለመለች ሥራውን ታስተምር ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት እንኳ በሕገ መንግሥት አልተረጋገጠላቸውም ነበር፤ ይህ የሆነው በ1920 ነው። ስለዚህ ከቤታቸው ሳይርቁ የራሳቸውን ገንዘብ የሚያገኙበት ሥራ ለብዙዎቹ ትልቅ ነገር ነበር።

የሻጮችን ቡድን በመምራት ረገድ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው የብራውኒ ዋይዝ ታሪክ ነው። ኧርል ተፐር የተባለ አሜሪካዊ ፖሊኢትሊን ከሚባለው የፕላስቲክ ዐይነት፣ ክዳኑ አየር የማያሳልፍ የምግብ ማስቀመጫ ሠርቶ በ1946 ለገበያ አቀረበ። ዕቃው “ተፐርዌር” ተባለ። ነገር ግን በየመደብሩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳይሸጥ ቀረ። ምክንያቱም ሸማቹ የክዳኑን አገጣጠም አያውቅም ነበር፤ አየሩን አስወጥቶ መክደን እንደሚገባም የሚያሳየው ሰው አልነበረም።

በዚያው ጊዜ ብራውኒ ዋይዝ ከባሏ ተፋትታ አንድ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ በዲትሮይት ከተማ በጸሐፊነት ትሠራ የነበረች ሴት ነበረች። ገቢዋን ለመደጎም የቤት ዕቃዎችን በየሰው ቤት እየዞረች መሸጥ ጀመረች፤ ቆይቶም ተፐርዌርን ከሸቀጦቿ ጨመረች። መደብሮች ያልቻሉትን እርሷና የመለመለቻቸው ሴቶች ቻሉት። የትእዛዛቸው ብዛት ያስገረመው ተፐር፣ በ1951 ዕቃውን ከመደብሮች አውጥቶ ሽያጩ በሙሉ በየቤቱ እንዲካሄድ ወሰነ፤ ዋይዝንም የሽያጩ ክፍል ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾማት። የሥራዋም ማዕከል በፍሎሪዳ ግዛት፣ በኪሲሚ ከተማ ሆነ።

የሽያጩ አሠራር እንደሚከተለው ነበር። አንዲት የቤት እመቤት ወዳጆቿንና ጎረቤቶቿን ወደ ቤቷ ትጠራለች። ሻጭዋ መጥታ ዕቃውን ታሳያለች፤ እንግዶቹም በእጃቸው እየነኩ ይከፍቱታል፣ ይከድኑታል። አንዳንድ ጊዜ ሻጭዋ ፈሳሽ የሞላበትን ዕቃ ከድና ወደ እንግዶቹ ትወረውረው ነበር። አንዲት ጠብታ እንኳ አለመፍሰሷ ከብዙ ንግግር ይበልጥ ያሳምናል። በመጨረሻ ትእዛዝ ይመዘገባል። ጋባዥዋ ስለ መስተንግዶዋ ስጦታ ታገኛለች፤ ሻጭዋ ከሽያጩ መቶኛ ትወስዳለች፤ ሻጭዋን የመለመለችው መሪ ደግሞ ከቡድኗ ሽያጭ ድርሻ ይታሰብላታል።

ከዚህ አሠራር ስለ ምልመላ ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ መልማይዋ ሰው ፍለጋ ሩቅ አትሄድም። በዚያ ቤት ከተቀመጡት እንግዶች መካከል ዕቃውን የወደደች፣ ጥያቄ የምታበዛና ለጎረቤቷ የምታስረዳ ሴት ብትገኝ የነገዋ ሻጭ እርሷ ናት። ሁለተኛ፣ የቀድሞ የሥራ ልምድ ወይም የትምህርት ማስረጃ ግዴታ አይደለም፤ ዋናው ነገር ቃልን ማክበር፣ ሒሳብን በትክክል መያዝና በሰው ዘንድ መታመን ነው። ሐቀኛ መልማይ ሥራውን ሳያሳምር በግልጽ ያስረዳል፤ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ምን ወጪ እንዳለበትና ገቢው ከወር ወር እንደሚለያይ ከመጀመሪያው ይናገራል።

ከምልመላ ቀጥሎ የሚመጣው አመራር ነው። የቤት ለቤት ሻጭ ደመወዝተኛ ስላይደለ በትእዛዝ ሊመራ አይችልም፤ ቢከፋው ሥራውን ትቶ ቤቱ ይቀመጣል። ዋይዝ ይህን በሚገባ ተረድታ ነበር። አዲሲቱ ሻጭ በመጀመሪያ ልምድ ካላት ጋር አብራ ሄዳ እንድታይ፣ ቀጥሎ እየታየች እንድትሠራ፣ በመጨረሻም ብቻዋን እንድትወጣ ይደረግ ነበር። ሻጮቹ በየጊዜው እየተሰበሰቡ የተሳካላቸውንና ያልተሳካላቸውን ይነጋገሩ ነበር፤ ጥሩ የሠራችውም በጓደኞቿ ፊት ትመሰገን ነበር። በ1954 በኪሲሚ በተደረገው ታላቅ በዓል ሽልማቶች በመሬት ውስጥ ተቀብረው ሻጮቹ በአካፋ እየቆፈሩ እንዲያወጡ ተደርጓል። በዚያው ዓመት ዋይዝ “ቢዝነስ ዊክ” በተባለው የንግድ መጽሔት ሽፋን ላይ በመውጣት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የአመራሯ መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ሰው ከተገነባ ንግዱ በሰው ይገነባል የሚል ነው።

ይሁን እንጂ የታሪኩ ፍጻሜ ሌላም ትምህርት አለው። በ1958 መጀመሪያ ተፐር ከዋይዝ ጋር ባለመስማማቱ ከሥራዋ አሰናበታት። በድርጅቱ ውስጥ አንድም የአክሲዮን ድርሻ ስላልነበራት የአንድ ዓመት ደመወዝ ብቻ ተሰጥቷት ወጣች። ተፐር ግን በዚያው ዓመት ኩባንያውን በ16 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ብዙ ሺህ ሻጮችን የመራች ሴት ለራሷ ጥቅም የሚሆን ውል አለመያዟ፣ የሥራ ስምምነት በጽሑፍ መስፈር እንደሚገባው ያስረዳናል።

ከቤት የሚካሄድ ሽያጭ የሚመሠረተው በመተማመን ላይ ስለ ሆነ፣ መተማመኑን የሚጎዱ ሁለት አደጋዎች አሉበት። የመጀመሪያው በእኛ ኅብረተሰብ ዘንድ በደንብ የሚታወቀው ይሉኝታ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ቁርስ ቀርቦ፣ የቤቱ እመቤት እፊት ተቀምጣ ሳለ “አልገዛም” ማለት ይከብዳል። በይሉኝታ የገዛ ሰው ግን ለዚያች ቀን ገዛ እንጂ ደንበኛ አልሆነም፤ በሚቀጥለው ጥሪ ሰበብ ፈጥሮ ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ መሪ፣ ሻጮቹ ዕቃውን አሳይተው ምርጫውን ለእንግዳው እንዲተዉ ያስተምራል።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ የከፋ ነው። አንዳንድ ሰዎች ቀጥተኛ ሽያጭን ሽፋን አድርገው፣ ገንዘብ የሚገኘው ዕቃ በመሸጥ ሳይሆን አዲስ ሰው በማስገባት የሆነበትን ዘዴ ያስፋፋሉ። ይህ የፒራሚድ ሽያጭ ይባላል። እያንዳንዱ ገቢ ገንዘብ ከፍሎ 6 ሰዎችን እንዲያመጣ ይነገረዋል እንበል። ከአንዱ ጀማሪ ቀጥሎ 6፣ ከዚያም 36፣ ከዚያም 216 ሰዎች ይገባሉ። ጠቅላላው 259 ሲሆን፣ ከእነዚህ 216ቱ ከበታቻቸው ማንም የላቸውም። እንግዲህ ከ6 ሰዎች 5ቱ ያህል ከፍለው ምንም ሳያገኙ ይቀራሉ ማለት ነው። “እነርሱም ነገ ያመጣሉ” የሚል ቢኖር፣ በ13ኛው እርከን ላይ የሚያስፈልጉት ሰዎች ቁጥር ከ13 ቢሊዮን በላይ ይሆናል፤ የዓለም ሕዝብ ግን 8 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ እያንዳንዱ የሚያስገባው ሩቅ ሰውን ሳይሆን እኅቱን፣ ጓደኛውንና የእድር ባልንጀራውን መሆኑ ነው። ገንዘቡ ሲጠፋ ዝምድናውም አብሮ ይጠፋል።

ሐቀኛውን ከአታላዩ ለመለየት የሕግ መለኪያዎች አሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1979 አምዌይ የተባለውን ኩባንያ ጉዳይ መርምሮ፣ ድርጅቱ የፒራሚድ ሽያጭ አይደለም ሲል ወስኗል። ከምክንያቶቹ መካከል ሻጩ በወር ከወሰደው ዕቃ ቢያንስ 70 በመቶውን እንዲሸጥ፣ ቢያንስ ለ10 ደንበኞች እንዲያቀርብና ያልተሸጠው ዕቃ ከሚወጣ ሻጭ ላይ ተመልሶ እንዲገዛ የሚያስገድዱት ደንቦች ይገኙባቸዋል። በኢትዮጵያም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በፒራሚድ የሽያጭ ስልት መጠቀምን ከልክሏል።

በመጨረሻም፣ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ትርፉን በወረቀት ላይ ማስላት አለበት። ለምሳሌ አንዲት ሻጭ በሳምንት የ2,000 ብር ዕቃ ብትሸጥና 25 በመቶ ቢታሰብላት 500 ብር ታገኛለች። ለትራንስፖርትና ለመስተንግዶ 150 ብር ብታወጣ የሚተርፋት 350 ብር ነው። በሥራው ላይ 10 ሰዓት ካጠፋች የሰዓት ዋጋዋ 35 ብር ሆነ ማለት ነው። ይህ ይበቃታል ወይስ አይበቃትም? መልሱን የምትሰጠው እርሷው ናት፤ መልማይዋ ግን ይህን ስሌት ልትደብቃት አይገባም።

ጊዜ ሲለወጥ ንግድም ይለወጣል። የተፐርዌር ኩባንያ ራሱ በመስከረም 2024 በዕዳ ተይዞ የኪሳራ ጥበቃ እንዲደረግለት ፍርድ ቤትን ጠይቋል። የማይለወጠው ግን የሥራው መሠረት ነው፤ ዕቃው የሚጠቅም፣ ሒሳቡ የተገለጠ፣ ቃሉ የታመነ ሊሆን ይገባል። ጎረቤት አንድ ጊዜ ከተታለለ በሁለተኛው በሩን አይከፍትም።

ጥያቄዎች

1. ተፐርዌር በመደብር ሳይሸጥ በየቤቱ ሊሸጥ የቻለው ለምንድን ነው?
2. የቤት ለቤት ሻጭ በትእዛዝ ሊመራ የማይችለው ስለምንድን ነው?
3. በይሉኝታ መግዛት ሻጩን ራሱን የሚጎዳው እንዴት ነው?
4. ቀጥተኛ ሽያጭና የፒራሚድ ሽያጭ በምን ይለያያሉ? በራሳችሁ አነጋገር በአንድ አንቀጽ ጻፉ።