ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ጀግና ለምን ይማርከናል?

ማታ ማታ ጣና ዳር ከሚቀመጡት ወጣቶች መካከል በስልካቸው ልብ ወለድ ወይም የሥዕል ታሪክ የሚያነቡ አይጠፉም። ብዙዎቹ የሚወዱት ጀግና አንድ ዓይነት ነው፤ ሲጀምር ደካማ፣ ሲጨርስ ኃያል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 በጃፓን በተከታታይ የወጣውን «ናሩቶ» እንውሰድ። ልጁ በመጀመሪያው ምዕራፍ የመመረቂያ ፈተናውን ወድቆ እናገኘዋለን፤ በመጨረሻ የመንደሩ መሪ ይሆናል።

ታዲያ አንባቢውን የሚይዘው ምንድን ነው? ኃይሉ ነው እንዳንል፣ ከጅምሩ ኃያል የሆነ ጀግና ቶሎ ይሰለቻል። የሚይዘን ደረጃው መታየቱ ነው። ጀግናው ትናንት ያቃተውን ዛሬ ሲችል በዓይናችን እናያለን፤ ነገ ምን እንደሚጠብቀውም እናውቃለን። ሁለተኛው ምክንያት፣ በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ልፋት ዋጋ ያገኛል።

ነገሩ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ 3 ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ 5 ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ 6 ቤት ወዳለው ሥላሴ እያለ 8 ቤት ያለው መወድስ ጋ ይደርሳል። ጉባኤ ቃናው ሳይቃናለት ወደ መወድስ የሚዘል የለም።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጀግና በዛብህም በዚሁ መሰላል የወጣ ነው። የማንኩሳ ድሃ ገበሬ ልጅ፣ ተምሮ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ እስከመሆን ደረሰ። ነገር ግን ሲዋደዱ ትምህርቱ አልተቆጠረለትም፤ የተቆጠረው ዘሩ ነው። መሰላሉን ወጥቶ ጨረሰ፣ በሩ ግን ተዘጋበት። ይህን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ የሚያዝነው በፍቅሩ ብቻ ሳይሆን በዚህ ግፍም ጭምር ይመስለኛል።

እዚህ ላይ እኛ እጩ መምህራን የምንማረው አለ። ተማሪውን «ከክፍል ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ የምንለው ከሆነ፣ ከሌላው ጋር እንጂ ከትናንቱ ራሱ ጋር አላስተያየነውም። አርባኛ የወጣው ልጅ እኮ በመስከረም ያላነበበውን አንቀጽ በጥር እያነበበ ይሆናል! ይህን ካልነገርነው ማን ይነግረዋል? ደረጃውን በደብተሩ ላይ እናሳየው፤ ልፋቱንም የማን ልጅ ነው ሳንል እንቁጠርለት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እስኪፈለፈል ድረስ ግን የሚያቅፈው ይፈልጋል።