ስፒከሩ ደህና፣ አፑ ግን፦ የሶኖስ ታሪክ

የድምፅ ዕቃ አምራቾች ስም የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ዕቃው ሲረክስ ነው። የሶኖስ ግን ይለያል። ስፒከሮቹ እንደ ድሮው ጥሩ ድምፅ ያወጣሉ፤ ስሙን ያጎደፈው ሶፍትዌር ነው። ለእኛ ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች ታሪኩ ቅርብ ነው።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2002 በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ተመሠረተ። የመጀመሪያ ዕቃውን በ2005 ሲሸጥ አይፎን ገና አልነበረም። ሳሎን የተከፈተን ዘፈን ኩሽናም መኝታ ቤትም እኩል ማሰማት ቀላል ይመስላል። ጆሮ ግን የጥቂት አስር ሚሊሰከንድ መዘግየትን እንኳ እንደ ማሚቶ ይሰማዋል። ስለዚህ ስፒከሮቹ ሰዓታቸውን እያስተካከሉ እያንዳንዱን የድምፅ ቁራጭ በአንድ ቅጽበት ማጫወት አለባቸው። ሶኖስ ይህን ያለ ገመድ አሳምሮ ስለሠራ ተከበረ።

ሜይ 7 ቀን 2024 እንደ አዲስ የተጻፈ አፕ ለቀቀ። ደንበኞች ሲከፍቱት ሙዚቃውን ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ የሚያጠፋው ሰዓት ቆጣሪ የለም፤ የማንቂያ ደወል ማስተካከል አይቻልም፤ ተራ የያዙ ዘፈኖችን ማደራጀትም አይቻልም። ከሁሉ የከፋው፣ ስክሪን አንባቢ በትክክል ስላልሠራ ማየት የተሳናቸው ሰዎች በገዛ ቤታቸው የገዛ ስፒከራቸውን ማዘዝ አቃታቸው።

«አሮጌውን መልሱልን» የሚል ጩኸት በረታ። ኩባንያውም አስቦበት ነበር። በኦገስት ግን ዋና ሥራ አስኪያጁ ፓትሪክ ስፔንስ መመለሱ ችግሩን እንደሚያብስ ተናገሩ፤ በስፒከሮቹና በክላውዱ ላይ ያለው ሶፍትዌር አብሮ ተለውጧልና። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ኩባንያው ጥገናው ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣ ገመተ፤ ሁለት አዳዲስ ምርቶችን አዘገየ፤ 100 ያህል ሠራተኞችን አሰናበተ። በጃንዋሪ 2025 ስፔንስም ለቀቁ።

ልፈርድባቸው አልችልም። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ «ይህን ዝባዝንኬ ኮድ ጥለን ከዜሮ እንጻፈው» ብዬ ሽንጤን ገትሬ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ። አዲሱ ኮድ ንጹሕ ነበር። «ማንም አይነካውም» ብዬ የተውኩት አንድ ቁልፍ ግን የሂሳብ ሠራተኞች በየወሩ መጨረሻ የሚጠቀሙበት ሆኖ ተገኘ። ያዳነን አሮጌውን ሲስተም ሳናጠፋ ከጎን ማቆየታችን ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ እሱ ተመለስን። ያን ዝባዝንኬ ያልኩትን ኮድ በኋላ ረጋ ብዬ ሳነበው፣ ግማሹ የሰዎች ችግር የተፈታበት መዝገብ ነበር።

የአማርኛ ኪቦርድ ወይም መዝገበ ቃላት እንደገና እየጻፋችሁ ከሆነ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ወደ አሮጌው ስሪት ተመለሱ፤ መንገዱ መኖሩን በተግባር እዩ። ሁለተኛ፣ ስክሪን አንባቢውን ከፍታችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ። ካቃታችሁ አፑ ገና አላለቀም።